የመስተዋት ሣጥኑ ይቆየን፣ ምድጃው ይቀድማል

«ቅርስ» የሚለው ቃል በዘመናችን እንደ ምርቃት ይነገራል። አንድ ነገር ቅርስ ነው ከተባለ ተከበረ፣ ተጠበቀ፣ ዳነ ብለን ደስ ይለናል። ልብ ብሎ ላየው ግን ቃሉ አንዳንዴ የመቃብር ድንጋይ ነው። ጀበና በየማለዳው ቡና እየፈላበት ሳለ ማንም ቅርስ አይለውም፤ ጀበና ነው፣ በቃ። ቅርስ የሚሆነው ሠሪዋ ካረጀች፣ ልጅዋ ሙያውን ሳትማር ከቀረች፣ ዕቃው ራሱ ቁጥር ተለጥፎበት ከመስተዋት ጀርባ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ባለሥልጣን መጥቶ ይመርቀዋል፣ ጋዜጠኛ ፎቶ ያነሳዋል፣ የትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ያዩታል። የሚነካው ግን የለም፤ መንካት ክልክል ነው።

ይህን ያስነሳኝ የቤተ እስራኤል ጥበብ ጉዳይ ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት ከጎንደርና ከትግራይ ተነስተው እስራኤል ስለገቡት ወገኖቻችን ባህል ብዙ ተነግሯል። መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፣ በዓላቸው በሕግ ታውቋል፣ ታሪካቸውን የሚያጠና የቅርስ ማዕከልም ተቋቁሟል። ይህ ሁሉ ደግ ነው። የጎደለው ግን ዋናው ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው፣ ዘፋኟ፣ ተዋናዩ፣ ሠዓሊዋ፣ ቄሱና ደራሲው በአንድ ጣራ ሥር የሚሠሩበት፣ የሚያስተምሩበት፣ የሚከራከሩበት፣ ቁልፉንም ራሳቸው የሚይዙበት የጥበብ ቤት። የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ያ ቤት ይሠራ፤ ሲሠራም ከመስተዋት ሣጥኑ በፊት ምድጃው ይተከል። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተሰደበ እጅ

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ቤተ እስራኤል የእጅ ሥራን የያዙት ሥራውን ስለወደዱት ብቻ አልነበረም። ትውፊቱ እንደሚለው በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ «ያልተጠመቀ ርስት አይወርስም» የሚል ፍርድ ፈረዱ። መሬት ያጣ ሰው በሰው መሬት ላይ እያረሰ ቢኖርም ቀሪውን ኑሮ ከእጁ ማውጣት ነበረበት። ወንዱ ብረት ቀጠቀጠ፣ ሸማ ሠራ፣ ድንጋይ ጠረበ፤ ሴቷ ጭቃ አቡክታ ድስቱን፣ ምጣዱን፣ እንስራውንና ጋኑን ሠራች። በጎንደር ዘመነ መንግሥት ከቤተ እስራኤል የወጡ ግንበኞችና አናጢዎች ቤተ መንግሥቱንና አብያተ ክርስቲያናቱን በመሥራት ማገልገላቸውን፣ ከእነርሱም መሬትና ማዕረግ ያገኙ እንደነበሩ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ዛሬ ጎንደር ሄደን የፋሲልን ግንብ ስናደንቅ የማንን እጅ እያደነቅን እንደሆነ የሚነግረን አስጎብኚ ምን ያህል ነው?

ለዚህ ሁሉ የተከፈላቸው ዋጋ ምን ነበር? «ቡዳ» መባል። ቀን ማረሻ የሠራለትን ሰው ገበሬው ማታ ጅብ ይሆናል ብሎ ፈራው። በሠራችው ድስት ወጥ የሚሠራባትን ሴት ልጆች እንዳያዩዋት ተደበቁ። ነገሩ የቤተ እስራኤል ብቻ አልነበረም፤ በአገራችን ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪው ሁሉ የስድቡ ተካፋይ ነበሩ። አፄ ምኒልክ በ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማወጅ ደርሰዋል። አዋጁ ወጣ፤ ስድቡ ግን አብሮ ቀረ ማለት አይቻልም። እስካሁን በቃላችን፣ በተረታችንና በጋብቻ ምርጫችን ውስጥ አለ።

ይህን የማነሳው ያለፈውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። የጥበብ ቤት ይሠራ የሚለው ጥያቄ የጌጥ ጥያቄ አለመሆኑን ለማሳየት ነው። አንድ ሕዝብ በእጁ ሥራ ሲሰደብ ከኖረ በኋላ ልጆቹ ያንን እጅ ቢያፍሩበት አይገርምም። እፍረቱን የሚፍቀው የባለሥልጣን ንግግር አይደለም። ልጅቱ አያቷ ከጭቃ ጋን ስታወጣ በዓይኗ አይታ፣ ራሷም ሞክራ፣ ሦስቴ ተሰብሮባት፣ በአራተኛው ሲቀናት ብቻ ነው የሚፋቀው።

የወለቃ ትምህርት

ከጎንደር በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተጓዙ ወለቃ የምትባል መንደር አለች። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ ያውቃታል። ቤተ እስራኤል ይኖሩባት ነበር። ባለፈው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የውጭ ጎብኚ ወደ ጎንደር ይጎርፍ ሲጀምር፣ ድስትና እንስራ ሲሠሩ የኖሩት የአካባቢው ሴቶች ትናንሽ የሸክላ ምስሎች ወደ መሥራት ዞሩ፤ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። ጎብኚው በሻንጣው ጋን ይዞ አውሮፕላን አይሳፈርም። በመዳፍ የምትያዝ፣ «አይሁድ የሠሩት» የምታሰኝ ነገር ፈለገ፤ ሴቶቹም ሠሩለት። ከእነዚያ ምስሎች ውስጥ እጅግ የሚያምሩ አሉ፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ቅርጹን የመረጠው ማን ነው? ገዢው ነው። ሠሪዋ የምትሠራበት የራሷ ቤት፣ የሚያርማት ባልንጀራ፣ የሚገመግማት ሙያተኛ ስላልነበራት፣ ጥበቧን የመራው የአላፊ አግዳሚው ዓይን ሆነ።

ከዚያ የሆነውን እናውቃለን። በ1984 እና በ1985 ብዙ ሺህ ሰዎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ወደ 4,000 የሚሆኑ በመንገድና በመጠለያ አለቁ። በግንቦት 1991 ደግሞ «ዘመቻ ሰሎሞን» በተባለው በረራ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተወሰዱ። ወለቃ ባዶ ሆነች። ገበያው ግን ባዶ አልሆነም። ዛሬ በዚያች መንደር የሚሸጡትን የሸክላ ምስሎች የሚሠሩት በአብዛኛው ሙያውን የወረሱ ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። እነርሱን የሚወቅስ ካለ እኔ አብሬው አልቆምም፤ እንጀራቸው ነው፣ እጃቸውም ጥሩ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው። ስም ከሠሪው ተለይቶ ለብቻው መሸጥ ከቻለ፣ ሠሪው መኖሩ ለገበያው አስፈላጊ አይደለም ማለት ነው። የኮከቡ ምስል ቀረ፤ ስለ ኮከቡ የምታወራው አያት ግን አራተኛ ፎቅ ላይ በማታውቀው ቋንቋ መካከል ተቀምጣለች።

አራተኛ ፎቅ ላይ ጭስ አይፈቀድም

ዛሬ እስራኤል ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያዊ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ይኖራሉ። ናታንያ፣ ረሆቮት፣ አሽዶድ፣ ቤርሼባ፣ ኪርያት ማላኪ ብንሄድ አማርኛና ትግርኛ የሚነገርበት ሰፈር አለ። እነዚህ ሰዎች ሲመጡ ብዙ ነገር ተሰጣቸው፤ መታወቂያ፣ ቤት፣ የቋንቋ ትምህርት። አንድ ነገር ግን ማንም አልጠየቃቸውም፤ «ምን መሥራት ትችላላችሁ?» የሚለውን። ሸክላ የሚሆነውን አፈር ከየትኛው ቦይ እንደሚቆፈር በዓይኗ የምትለይ፣ በደረቅ ኩበትና በጭራሮ እሳት ሜዳ ላይ መተኮስ የምታውቅ እናት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ስትገባ ሙያዋ ከደጅ ቀረ። አራተኛ ፎቅ ላይ እሳት አይነድም፤ ጎረቤት ፖሊስ ይጠራል። ወናፉን የነፋ ሰው የፋብሪካ ጥበቃ ሆነ። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ይኼ ነው።

ጸሎቱም እንዲሁ ነው። የቤተ እስራኤል ቄሶች በግዕዝና በአገውኛ የሚያዜሙት ጸሎት ከሌሎች አይሁዳውያን የተለየ፣ እጅግ ጥንታዊ ዜማ ያለው ነው። በ1986 የእስራኤልና የፈረንሳይ የሙዚቃ ተመራማሪዎች ተባብረው ከቄሶቹ ቀርጸውታል። ምስጋና ይገባቸዋል፤ ባይቀርጹት ብዙው ይጠፋ ነበር። ነገር ግን ክር ለልጅ አያስተምርም። ልጁ ሲሳሳት «ተው፣ እንዲህ አይደለም፣ እንደገና» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። መዝገብ ቤት ያስቀምጣል፤ ትውልድ አያፈራም።

ስግድን እንመልከት። በአገር ቤት ሕዝቡ ጾሞ ተራራ ይወጣል፣ ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ ከዚያ ወርዶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል። ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል ሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ተራራ ላይ ሺዎች ይሰበሰባሉ። ፖለቲከኞችም ይመጣሉ፣ ይናገራሉ፣ ይሄዳሉ። በማግስቱስ? በዓመት አንድ ቀን የሚከበር ባህል ሦስት መቶ ስልሳ አራት ቀን የት ያድራል? በሄርጽል ተራራ ላይ በሱዳን መንገድ ለሞቱት መታሰቢያ ቆሟል፤ የሞቱት ቦታ አገኙ ማለት ነው። በሕይወት ያሉት ባለ እጆችስ?

ከያኒ የለም እንዳይባል

አንዳንዱ «እውነቱን ለመናገር ቤቱን የሚሞላው ሰው አለ ወይ?» ይል ይሆናል። አለ እንጂ! በ1995 የውዝዋዜ መምህርቷ ሩት ኤሼል በሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ጋር «እስክስታ» የተባለውን የዳንስ ቡድን መሠረተች። ኋላም ከዚያው የወጣው «ቤታ» የተባለው ቡድን ተተካ፤ ዛሬ የሚመራው ከተማሪዎቹ አንዷ በነበረችው በደጌ ፌደር ነው። በኢየሩሳሌም «ሁለገብ» የሚል አማርኛ ስም ያለው ቲያትርና በየዓመቱ የሚካሄድ የጥበብ ፌስቲቫል አለ። ሽሙኤል በሩ በ2008 «ዘሩባቤል» የተባለውን ፊልም ሠራ። አለም ወርቅ ዳቪድያን በ2018 «የበለስ ዛፍ» በተባለው ፊልሟ የደርግ ዘመን ማብቂያ ላይ የነበረችውን አዲስ አበባ በአንዲት ወጣት ዓይን አሳየች። ድምፃዊት አስቴር ራዳ የሙሉቀን መለሰን ዘፈን ወስዳ ከሶልና ከጃዝ ጋር አዋህዳ ለዓለም መድረክ አበቃችው። ሳክስፎኒስቱ አባተ በሪሁን የአዲስ አበባን ቅኝት ይዞ ሄዶ «ራስ ደሸን» በተባለው አልበም ከአንድ እስራኤላዊ ፒያኒስት ጋር አነጋገረው።

እንግዲህ ከያኒ ሞልቷል። ጥያቄው እነዚህ ሰዎች የት ይገናኛሉ የሚለው ነው። ዳንሰኛዋ የቄሱን ዜማ ከየት ትሰማለች? የፊልም ሠሪው የቤቱን ዕቃ በትክክል የሚሠራለት ሸክላ ሠሪ ሲፈልግ ወዴት ያንኳኳል? አንዱ የዩኒቨርሲቲ እንግዳ ነው፣ አንዱ የፌስቲቫል እንግዳ ነው፣ አንዱ የማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ እንግዳ ነው። ሁሉም እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ የቱንም ያህል ቢከበር የቤቱን ዕቃ አያዘዋውርም፤ «እስከ ስንት ሰዓት ልቆይ?» ብሎ ይጠይቃል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእነዚህ ሰዎች ድር ግን በየከተማው ተበጣጥሶ ተንጠልጥሏል።

ሌሎች አይሁድ ያዩት

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአይሁድ ታሪክ ራሱ ይበቃል። አንስኪ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ደራሲ ከ1912 እስከ 1914 ዛሬ ዩክሬን በሆነው ምድር ያሉትን ትናንሽ የአይሁድ ከተሞች ከጓደኞቹ ጋር እየዞረ ተረት፣ ዜማ፣ ዕቃና ፎቶግራፍ ሰበሰበ። የሰበሰበውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቢተወው ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሱት ተመራማሪዎች ብቻ በሆኑ ነበር። እርሱ ግን ከሰማው ተረት «ዲቡክ» የተባለውን ተውኔት ጻፈ። በ1920 እርሱ በሞተ በወሩ የቪልና ቡድን የሚባሉ ተዋንያን ዋርሶ ላይ ተጫወቱት፤ በ1922 ደግሞ ሃቢማ የተባለው ቡድን ሞስኮ ላይ በዕብራይስጥ አቀረበው። ሃቢማ ዛሬ የእስራኤል ብሔራዊ ቲያትር ነው። የመንደር ባልቴት ተረት የአንድ አገር ብሔራዊ መድረክ እስከመሆን የደረሰው ተሰብስቦ ስለተቀመጠ አይደለም፤ የሚጫወተው ቡድን ስላገኘ ነው።

በ1918 ኪየቭ ላይ «ኩልቱር ሊጌ» የተባለ ማኅበር ተቋቋመ። ይዲሽ በሚባለው የሕዝቡ ቋንቋ የሚጽፈውን፣ የሚሥለውን፣ የሚዘምረውንና የሚተውነውን በአንድ ላይ አሰባሰበ። ማተሚያ ነበረው፣ ትምህርት ቤት ነበረው፣ የቲያትር ስቱዲዮ ነበረው፤ በሥዕል ክፍሉ ውስጥ ኋላ በዓለም የታወቀው ኤል ሊሲትስኪ ነበረበት። ዙሪያው ጦርነትና ጭፍጨፋ ነበር፤ እነርሱ ግን «መጀመሪያ ሰላም ይውረድ፣ ከዚያ ጥበብ» አላሉም። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ግን ቦልሼቪኮች አመራሩን ነጥቀው በራሳቸው ሰዎች ተኩት። ከዚያ ወዲያ ማኅበሩ በስም እንጂ በመንፈስ ያው አልነበረም። ስለዚህ ታሪኩ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ቤት በመከራ ጊዜም ይሠራል። ሁለተኛ፣ ቁልፉ ከጥበብ ሰዎች እጅ ከወጣ ግድግዳው ቢቆምም ቤቱ ፈርሷል።

ሦስተኛው ምሳሌ ኒው ዮርክ ነው። በ1874 የአይሁድ ወጣቶች ማኅበር ሆኖ የተመሠረተው፣ 92ኛው መንገድ ላይ ያለው ቤት ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለዘመናዊ ውዝዋዜ በሩን ከፈተ። በ1960 ጥቁር አሜሪካዊው አልቪን ኤይሊ «ሬቨሌሽንስ» የተባለውን፣ ከጥቁሮች መንፈሳዊ መዝሙር የተቀዳውን ታላቅ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በዚያ መድረክ ነው። የአይሁድ ቤት ስለሆነ አይሁድ ብቻ ይግባ አልተባለም። በራሱ የተማመነ ቤት በሩን ለመክፈት አይፈራም።

መልስ ለሚገባቸው ተቃውሞዎች

«ለብቻቸው ቤት መሥራት መገንጠል ነው፤ ከሌላው ጋር ይቀላቀሉ እንጂ» የሚሉ አሉ። ከላይ ያለው የኒው ዮርኩ ታሪክ በከፊል መልስ ነው። የቀረው መልስ ይኼ ነው፤ ለመቀላቀል መጀመሪያ የሚቀላቀል ነገር ያስፈልጋል። ባዶ እጁን የመጣ ሰው አይቀላቀልም፤ ይሟሟል እንጂ። የሞሮኮ አይሁድ ሙዚቃ፣ የየመን አይሁድ ብር ሥራና ጥልፍ በእስራኤል ባህል ውስጥ ቦታ ያገኙት ባለቤቶቻቸው ረስተውት አይደለም፤ ይዘውት ስለቀረቡ ነው።

«ሰው በፖሊስ እየተደበደበ፣ ሥራ እያጣ፣ እናንተ ስለ ጭቃ ታወራላችሁ» የሚለው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ አልንቀውም። በ1996 የኢትዮጵያውያን ደም ከተለገሰ በኋላ በድብቅ እንደሚደፋ በታወቀ ጊዜ ሺዎች አደባባይ ወጡ። በ2015 አንድ ኢትዮጵያዊ ዝርያ ያለው ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ታየ፤ በ2019 አንድ ወጣት በፖሊስ ጥይት ሞተ፤ ሁለቴም መንገዱ በቁጣ ሞላ። እነዚህ ጉዳዮች የፍርድ ቤትና የፓርላማ ናቸው፤ በሸክላ አይፈቱም። ነገር ግን ደሙ ለምን ተደፋ? ያ ሰው ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንደሚያውቅ ጎረቤቱ ስለማያውቅ፣ ለማወቅም ስላልፈለገ አይደለም? ሰው ሰውን በሥራው ነው የሚያውቀው። ደግሞም ሠልፍ ቁጣን ይሸከማል እንጂ ሐዘንን፣ ትዝታን፣ ሣቅን አይሸከምም። ለእነዚህ መድረክ ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ አንድ እጅ አያጨበጭብም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ወጣቱ ይህን አይፈልግም፤ ራፕ ነው የሚፈልገው» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ወጣቱን ጠይቀውት አያውቁም። ራፕም ይግባ! ቤቱ የአያቶች መጦሪያ አይደለም። የናታንያ ልጅ በዕብራይስጥ ራፕ ሲል የአባቱን ፉከራና ሽለላ ምት ሳያውቀው ይዞት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ቀን በጎን ክፍል ያለው ሽማግሌ ሲያቅራራ ቢሰማ ምን እንደሚወለድ ማን ያውቃል? የሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ አንድ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ቤቱ ምን ይመስላል?

ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን በግልጽ እንናገር። እንዲህ ያለ ቤት ሕንፃው ትልቅ መሆን የለበትም፤ የተተወ መጋዘን ይበቃዋል። በትልቅ ከተማ መሐል ለጎብኚ አውቶቡስ በሚመች ቦታ ሳይሆን ሰዎቹ በሚኖሩበት ሰፈር፣ እናት በእግሯ በምትደርስበት ቦታ ይሁን። ጓሮው እሳት የሚነድበት፣ ጭስ የሚፈቀድበት ይሁን። ውስጡ ሸማኔ መቃኑን የሚተክልበት፣ ቡድን የሚለማመድበት፣ ሠዓሊ የሚሥልበት፣ ቄስ ዜማ የሚያስተምርበት፣ አማርኛና ትግርኛ የሚነበብበት ክፍል ይኑረው። ከዚህ በላይ ግን አራት ሕጎች ያስፈልጉታል።

አንደኛው ቁልፍ ነው። አስተዳደሩ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በቤቱ የሚሠሩ የጥበብ ሰዎች ይሁኑ። ገንዘብ የሰጠ መንግሥት ወይም በጎ አድራጊ ይመስገን፤ የምን ተውኔት ይታይ፣ የምን ሥዕል ይሰቀል ብሎ ግን አይዘዝ። ቤቱ መንግሥትን የሚወቅስ፣ ማኅበረሰቡን ራሱን የሚወቅስ፣ ቄሶችን የሚያስቆጣ ሥራ ማሳየት ካልቻለ የማስታወቂያ ክፍል ነው።

ሁለተኛው ደመወዝ ነው። የሰባ ዓመት ሸክላ ሠሪ መምህር ናት፤ እንደ መምህር ይከፈላት። «ባህላችንን ስለምትወዱ በነፃ አስተምሩን» የሚለው ልማድ ከድሮው ንቀት ብዙም አይርቅም። ተለማማጁም አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ እንዲማር ከስንቁ የሚሆን ነገር ይሰጠው።

ሦስተኛው ስም ነው። ከቤቱ የሚወጣ እያንዳንዱ ዕቃ የሠሪው ስም ይኑርበት። «የፈላሻ ሥራ» የሚል ወረቀት አይለጠፍበት፤ ቃሉ ራሱ ስድብ ነውና። ለዘመናት ስም የለሽ ሆኖ የተሸጠው እጅ ፊርማ ይገባዋል።

አራተኛው በር ነው። ማንም ይግባ፤ ሩሲያዊው፣ ሞሮኳዊው፣ ዐረቡ፣ ከኢትዮጵያ የመጣው ክርስቲያን ሸማኔም። የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ እስከታወቀ ድረስ የእንግዳ ብዛት ቤትን አያጠፋም።

ለእኛስ?

አንባቢ ሆይ፣ «ይህ የእስራኤል ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» እንዳትል። ሰዎቹን ከእጅ ሥራቸው ጋር ሰድበን የሸኘን እኛ ነን። ሥራቸውንም በስማቸው ዛሬም የምንሸጥ እኛው ነን። ከዚህም በላይ ጉዳዩ ከደጃችን አልራቀም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ በሸክላና በሽመና የሚተዳደር ኅብረተሰብ አለ። ከመካከላቸው ራሳቸውን ቤተ አብርሃም ብለው የሚጠሩ፣ ከቤተ እስራኤል ጋር አንድ ሥር እንዳላቸው የሚናገሩ ብዙ ናቸው። እስራኤል አላወቀቻቸውም። እዚህም ቢሆን ጀበናቸውን ገዝተን ስማቸውን በሹክሹክታ የምናነሳቸው ናቸው። የዘር ክርክሩ ለሚመለከታቸው ይቆይ፤ እጅን ለማክበር የዘር ማስረጃ አያስፈልግም። በቀጨኔ አንድ ጥሩ መተኮሻ፣ አንድ የመማሪያ ክፍል፣ አንድ የመሸጫ አዳራሽ፤ በወለቃም እንዲሁ። ከዚያም የቀጨኔዋ ወጣት የቤርሼባዋን አሮጊት፣ የቤርሼባው ልጅ የወለቃን አፈር እንዲያዩ የሚያደርግ ልውውጥ። ከአንድ የከተማ አደባባይ ሐውልት የሚረክስ ይመስለኛል።

ጊዜ ግን የለም። በ1984 ሠላሳ ዓመቷ የነበረ ሸክላ ሠሪ ዛሬ ሰባ አልፏታል። አፈሩን የምትለይበት ዓይን፣ እሳቱን የምትመጥንበት እጅ መጽሐፍ ላይ አልተጻፈም፤ እርስዋ ስትሄድ አብሮ ይሄዳል። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። እኛ ማልቀሱንም መላሱንም ትተን ገደሉን መደገፍ እንችላለን፤ ገና አልተናደም።

አዲስ ምጣድ ከገበያ ተገዝቶ እንደመጣ እንጀራ አይጋገርበትም። በጎመን ዘር ይሟሻል፣ በእሳት ይፈተናል፣ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ይበላሻሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ምጣድ የሚሆነው። የጥበብ ቤትም እንዲሁ ነው። ሪባን በመቁረጥ አይሟሽም። ስለዚህ ገንዘብ ያላችሁ፣ ሥልጣን ያላችሁ፣ በዚህም በዚያም ያላችሁ ወገኖች፣ መስተዋቱን ለጊዜው ተዉት። እንጨቱን አምጡና እሳቱን እናንድድ።